ወንዙ እስኪጎድል

ያኔ ዶሎ ኦዶ በአንድ የእርዳታ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ተወልጄ ወዳደግሁባት ነገሌ እመጣለሁ፤ እናቴን አያለሁ፣ ስብሰባ እቀመጣለሁ፣ እመለሳለሁ። በዚያ ሁሉ ምልልስ በመስኮት ምን አየሽ ብባል መልስ አልነበረኝም። ዓይኔ ወይ ላፕቶፑ ላይ ነው ወይ ስልኩ ላይ።

አንድ መጋቢት፣ በጋው ሊወጣ ሲል፣ ነገሌ ላለ ስብሰባ እየተጣደፍኩ በማለዳ ከዶሎ ኦዶ ተነሳን። መንገድ ላይ ሾፌራችን የሚያውቃቸው አንድ የሊበን አዛውንት፣ ከብት አርቢ፣ እጃቸውን አነሱና ጫንናቸው። «አካም፣ ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተውኝ ከኋላ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ሰማዩን ብቻ ነበር የሚያዩት።

ቀትር ላይ ከአንድ ደረቅ ወንዝ ደረስን። ሁልጊዜ አሸዋውን አቋርጠን የምናልፈው ነው። የዚያን ቀን ግን ቀጭን ቀይ ውሃ ይወርድበታል፤ እኛ ያለንበት አንድ ጠብታ ሳይዘንብ።

«ቁርጭምጭሚት አይደርስም፣ እለፈው» አልኩት ሾፌሩን።

አዛውንቱ ትከሻውን ያዙት። «ሱታ» አሉ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። «ላይኛው አገር ዘንቧል። ይሄ መልእክተኛው ነው፣ ጌታው ገና ይመጣል።»

«አባቴ፣ ስብሰባ አለብኝ እኮ።»

«ይኑርብሽ፣ ልጄ። ውሃው ስብሰባሽን አያውቅም።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ተናድጄ ወረድኩና በሩን ዘጋሁት። ብዙም ሳይቆይ ከወደ ላይ የከባድ መኪና የሚመስል ጉርምርምታ መጣ። ጎርፉ ከነሥሩ የተነቀለ ግራር እያንከባለለ ልናልፍበት የነበረውን ቦታ ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ሾፌሩ አማተበ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ኔትወርክ የለም። ወንዙ እስኪጎድል መጠበቅ ብቻ ነው።

ከዚያ ዝናቡ እኛ ዘንድ ደረሰ። አዛውንቱ ጫማቸውን አውልቀው መሃል ሜዳ ቆሙ። «ነዪ» አሉኝ። እኔም ጫማዬን አወለቅሁ። ጠብታው ቀዩን አቧራ ሲበሳው ከመሬቱ የወጣው ሽታ ደረቴን ሞላው፤ ልቤ እንደ ልጅነቴ ደለቀ። ዳገቱ ላይ ከብቶች ታዩ፤ አጥንታቸው የሚቆጠር ላሞች ጭራቸውን ሰቅለው ወደ ውሃው ይሮጣሉ፣ ጥጆቹ ይዘላሉ። ከከብቶቹ ኋላ የመጡት ሴቶች እየዘፈኑ ነበር።

«ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ ሸቷቸዋል» አሉኝ አዛውንቱ። «አንቺ ነገሌ ተወልደሽ ይሄን አላየሽም?»

«አላየሁም» አልኩ። አፈርኩ፤ ግን ደስታው ከእፍረቱ በለጠ። እየሳቅሁ ነበር፣ ለምን እንደሆነም አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ወንዙ ጎደለና ተሻገርን። ስብሰባው ያለኔ አልቆ ነበር፤ የጎደለ ነገር አልነበረም። ሥራዬን አልተውኩም። ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ቀድሜ እነሳለሁ፣ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ይቆያል፣ ደስ ያለኝ ቦታ መኪና አስቆማለሁ።

አሁን ነገሌ ተዛውሬያለሁ። ባለፈው ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ከሊበን ገጠር የመጣን ሰው ሁሉ «ዘነበ ወይ?» እያልኩ ሳስቸግር ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ፣ ልብሱ በዝናብ የበሰበሰ የባጃጅ ሾፌር ከአጠገቤ ቆመ፤ እሱንም ስጠይቀው «አዎ፣ ሊበን ሌሊቱን ሲወርድ አደረ፤ አሁንም አላቆመም» አለኝ። ሽንኩርቱን ለሻጯ መልሼ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

«ወደ ዝናቡ» አልኩት።