ጭልሞ ላይ ሊሞቱ የመጡ እንግዶች

ንጋት፣ ከአዲስ አበባ መውጫ

ጎህ ሲቀድ አስኮን አልፈን ቡራዩ ገብተናል። ጥር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መሪውን የያዘው በላይ የሚባል የጉደር ልጅ ነው። አጠገቡ ቶም ተቀምጧል፤ ፊልም ሊሠራ ከባሕር ማዶ የመጣ ቀጭን ወጣት ነው። ከኋላ እኔ አስተርጓሚዋ አለሁ። አምቦ ተወልጄ ስላደግሁ ኦሮምኛውም አማርኛውም የአፍ መፍቻዬ ነው፤ ለእንግሊዝኛው አስተማሪዎቼ ይመስገኑ።

የተነገረኝ ይህን ያህል ነው፦ ፊልሙ ለዕረፍት ሰው አገር ስለሄዱ ወጣቶች ነው፤ ደን አጠገብ ያለ የገበሬ ቤት ይፈለጋል። ቤቱን ፈልጌ ያገኘሁት እኔው ነኝ። መንገዱ ሰላም በነበረበት በዚያ ዓመት ምን ክፉ ነገር ይጠረጠራል?

ሆለታ ላይ ቁርስ። አቧራ የለበሱ አይሱዙዎች ድንች ይጭናሉ። እኔና በላይ ፍርፍር በአንድ ትሪ በላን፤ ቶም ከቦርሳው ብስኩት አውጥቶ ቆረጠመ። ሆዱ አልለመደ ይሆናል ብዬ ገመትኩ።

ረፋድ፣ ጊንጪ

የገበያ ቀን ነው። ጤፍ የተጫኑ አህዮች አስፋልቱን ሞልተውት መኪናችን በእግር ጉዞ ፍጥነት ትሄዳለች። ወሬ ለመጀመር ያህል፣ "ለመሆኑ ወጣቶቹ መጨረሻቸው ምንድን ነው?" አልኩት።

"ያልቃሉ" አለኝ፣ ሳቅ እያለ። "አንዷ ብቻ ታመልጣለች።"

"ማነው የሚጨርሳቸው?"

"ቤታቸው ያሳደሯቸው ሰዎች።"

ደሜ ፈላ። ይህን ዓይነት ፊልም ስንቴ አይቻለሁ! ልጆቹ እየዘፈኑ ይመጣሉ፣ መኪናቸው ይበላሻል፣ ጥርሱ የወላለቀ አንድ ባላገር "ግቡ፣ እደሩ" ይላቸዋል፤ ከዚያ መጥረቢያ ነው። ሁልጊዜ ገዳዩ የአገሬው ሰው ነው! እንግዳ ሆኖ ሄዶ ሰው የፈጀ ያለ አይመስልም፤ ድንቄም!

"አገሩ የት ነው?"

"የትም። ስም አንሰጠውም።"

"ቋንቋውስ?"

"የራሳቸውን ይናገሩ። ከሥር ትርጉም አናስገባም። ተመልካቹ የሚፈራው ካልገባው ነው።"

"ኧረ በሕግ አምላክ!" አልኩ በአማርኛ። በላይ "ምን አለሽ?" ሲለኝ ነገርኩት። መሪውን በመዳፉ መታው። "እኛን ነው ገዳይ የሚያደርገን? ልመልሳት መኪናዋን?"

ባለቤቶቹ ግን በግ አርደው እየጠበቁን ነው። አርዶ የሚጠብቅ ሰው ቤት እንዴት ይቀራል? ወደ ጭልሞ ታጠፍን።

ቀትር፣ ጭልሞ

ጽዱና ዝግባው ፀሐይዋን ሸፍኗታል፤ ጉሬዛዎች ከላይ ይዘላሉ። ኦቦ ዲንቃ ጋቢያቸውን አስተካክለው ደጅ ድረስ ወጡ። "አካም ጂርቱ! ግቡ፣ ግቡ!" ባለቤታቸው አዴ ድርቤ የቶምን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ልጃቸው ጫልቱ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ቱሪዝም ትማራለች፤ ለዚህ ቀን ብላ መጥታለች።

መጀመሪያ ያሳየችን ከቤቱ ጎን ያሠራችውን አዲስ ክፍል ነው። ደኑን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች እንዲያድሩበት ነው። ሁለት አልጋ፣ በሰማያዊ ቀለም የተቀባ መስኮት፣ ያልተነካ አንሶላ። እስካሁን ማንም አላደረበትም።

"ከእናንተ ይጀመር" አለች፣ ዓይኗ እየበራ። "አንድ ሰው ደህና አድሮ ከሄደ ለሌላው ያወራል። ይህ ሥራ በሰው አፍ ነው የሚቆመው።"

አንገቴን ደፋሁ።

ማዕድ ቀረበ። አዴ ድርቤ ጠላውን ከመቅዳቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ ከዚያ ለእንግዳው ሰጠችው። "ኛዻ፣ ዹጋ" አለች፤ ብሉ፣ ጠጡ።

ቶም ከመቀመጫው ተነሣ። "ይኸው! የምፈልገው ይህን ነው! አሮጊቷ ትቀምሳለች፣ እነሱ አምነው ይጠጣሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። በዚሁ ቤት! ጠይቂያት፣ ትሠራልናለች?"

እንዴት አልናደድ! ቀምሶ መስጠት እኮ ክፉ ካለበት በኔ ይጀምር ማለት ነው። ሰው ለሰው ከሚሰጠው ሁሉ የታመነውን ነገር መርዝ ሊያደርገው!

አላለሳለስኩም፤ ያለውን አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩት። አዴ ድርቤ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። ኦቦ ዲንቃ ወደ እኔ ዞረው፣

"የሚሞቱት ልጆች እናት አባት የላቸውም?" አሉ።

"አላቸው ይላል።"

"እኛስ? ለቅሶ አልተቀመጥንም?"

ጠየቅሁት። "አይ፣ እናንተ ትስቃላችሁ" አለ።

"እንስቃለን?" ኦቦ ዲንቃ ሚስታቸውን አዩ፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። "ይህ ክፍል የልጄ እንጀራ ነው። ያንን ፊልም ያየ ሰው እዚህ ጎኑን ያሳርፋል? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። አይሆንም በይው፣ ልጄ።" ወዲያው ደግሞ፣ "ቢሆንም እንግዳ ነው። በልቶ ይሂድ" አሉ።

ቶም አልበላም! ጠላውም እንደተቀዳ ቀረ። ራሱ የፈጠረውን ተረት ራሱ ፈርቶት አረፈው። አዴ ድርቤ ግን ወግ አይቀርም ብላ ለመንገድ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቋጠረችልን፤ ከጠርዙ ቆርሳ ቀምሳ።

ከሰዓት፣ አምቦ

ጫልቱ ወደ ትምህርቷ ልትመለስ አብራን ተሳፈረች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታለቅሳለች። ቶም ስልኩን እየነካካ "ሌላ መንደር አይጠፋም" ይላል። ይህን ለእሷ አልተረጎምኩላትም፤ እንግሊዝኛውን ግን ከኔ እኩል ትሰማለች።

አምቦ ልንገባ ስንል ቶምን ራበው። ጭኮውን አየና በአገጩ በላይን አመለከተ፦ "መጀመሪያ እሱ ይቅመስ።"

በላይ መኪናዋን ዳር አቆመ። ቆረሰ፣ አኘከ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። እስከ መጨረሻው ጨርሶ ጣቱን ላሰ። "ንገሪው" አለኝ፣ "እስካሁን አልሞትኩም።" ጫልቱ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ከተማው መሐል ስንደርስ ቦርሳዬን አወረድኩ። "ሌላ አስተርጓሚ ፈልግ!" አልኩት። እሱ ወደ ጌዶ ቀጠለ። እዚያም አርዶ የሚጠብቀው አይጠፋም፤ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ማግስቱ፣ መልስ

በሚኒባስ ስመለስ አዲስ አበባ ድረስ የከፈልኩትን ትቼ ጊንጪ ወረድኩና ወደ ጭልሞ ወጣሁ። ኦቦ ዲንቃ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ በሩን ከፈቱልኝ። የዚያ ክፍል የመጀመሪያ እንግዳ እኔ ሆንኩ። አዴ ድርቤ ጠላውን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፣ ሰጠችኝ፤ እስከ አተላው ጠጣሁት። ሰማያዊው መስኮት ሥር ደህና አድሬ፣ ደህና ነቃሁ።

ስለዚህ አንድ ቀን ስም በሌለው አገር፣ ስም በሌለው መንደር የተሠራ ፊልም ብታዩ፣ አንዲት አሮጊት ጨለማ ቤት ውስጥ "ኛዻ፣ ኛዻ" ስትል ብትሰሙና ከሥር ትርጉም ብታጡ፣ አትፍሩ። እኔ ልተርጉምላችሁ፦ ብሉ ነው የምትለው።