ቤታችንን ከመፍረስ ያተረፈው ልኬት

ዛሬ መካኒሳ ለቅሶ ቤት የሟቹ ልጅ እጄን ይዛ፣ "እማማ፣ ከአባባ ጋር በምን ትተዋወቁ ነበር?" አለችኝ።

ነገርኳት። በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ የምንኖርበት ላፍቶ ገና እርሻ ሳለ፣ አባቷ የከርሰ ምድር ውሃ ከሚፈልጉ ሰዎች ጋር መጣ። ያኔ ወጣት ባለሙያ ነበር።

በኤሌክትሪክና በማግኔት የሚሠራው መሣሪያቸው ውሃው ያለው እኛ ቤት ሥር ነው አለ። አለቃው ቤቱ ይፍረስ ብሎ ወሰነ። እናቴ አራስ ነበረች።

"ጌታዬ፣ ላዩ ላይ ያለው እርጥብ ጭቃ ልኬቱን እያዛባው ይመስለኛል" አለ አባቷ። "መጀመሪያ የላዩን አፈር ለብቻው ልለካውና የሱን ድርሻ ከውጤቱ ላውጣ።"

ከዚያ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ሽቦ ሲዘረጋ ሰነበተ። (እኔ የልብስ ማስጫ መስሎኝ ቀሚሴን አሰጣሁበት። ሳይቆጣ አንስቶ አጥሩ ላይ ዘረጋልኝ።)

የጭቃው ድርሻ ሲወጣ፣ ውሃው ከእርሻችን ማዶ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ተቆፈረ፤ ወጣም። እናቴ እዚያው ቤቷ ውስጥ አሳደገችን።

ልጅቷ እጄን ሳትለቅ ሰማችኝ። "አባባ ይህን አንድም ቀን አልነገረን" አለችና ጠጋ ብላ ከእህቶቿ መሃል አስቀመጠችኝ።

እናንተስ፣ ዘመድ ሳይሆን ለቤታችሁ የቆመላችሁ ሰው አለ? እስቲ አጫውቱኝ።