ያልሰመረ ስለት

ባሕር ዳር ገበያ በአንድ ሸማኔ ደጅ ሳልፍ፣ ድር እንዳይበጠስ የሚነከርበት ቀጠን ያለ የዱቄት ሙቅ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ነጠላ ልገዛ መምጣቴን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ይህች ኮምጠጥ ያለች ሽታ የአባቴ ሽታ ናት። ደብረ ታቦር ቤታችን ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ብርሃን በሚገባበት ጥግ በተቆፈረው የሸማኔ ጉድጓድ እግራቸውን ከተው ዕድሜያቸውን የፈጁት የአባየ ሽታ።

አባየ ፊደል አልቆጠሩም፤ ውዳሴ ማርያምን ግን በቃላቸው ይዘውት ስለነበር መወርወሪያውን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ በላኩ ቁጥር አንድ ሐረግ ይላሉ፤ ዶሮዋ ድሩ ላይ ልትወጣ ስትል መሐል ላይ “እሽ!” ብለው ካቆሙበት ይቀጥላሉ፤ እኔም ብዙ ዘመን “እሽ” የጸሎቱ አካል ይመስለኝ ነበር። ቅዳሴ ለካህናት ተሰጠ፣ ለእኔ ደግሞ ይኸ ጉድጓድ ተሰጠኝ እያሉ የድኻውንም የባለጸጋውንም ጋቢ እኩል አጥብቀው ይሸምኑ ነበር፤ የላላ ሸማ ለእሳቸው እግዚአብሔርን እንደ መዋሸት ነው። እማየ ትፈትላለች፣ እኔ ልቃቂት አጠነጥናለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ጌጡ የተሸመነውን ሐሙሲት ገበያ ወስዶ ይሸጣል።

ጌጡን ከዚያው ገበያ አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። አባየ ደጀ ሰላም ሄደው ተሳሉ፤ ልጄ በሰላም ከገባ ለመቅደሱ መጋረጃ ሸምኜ አስገባለሁ አሉ። በአገራችን ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው። አባየ ግን ልጁ ሲመጣ እንዳልዘገይ ብለው ወዲያው ድሩን ዘረጉ፤ ሸምነው ሸምነው ክንድ የማትሞላ ስትቀራቸው አቆሙ። እሷን ጌጡ ሲመጣ፣ እሱ እያየ ሊጨርሷት ነው። ለስለት የተዘረጋ ድር ደግሞ ሳያልቅ አይወርድም፤ ሌላ ድር መዘርጊያ የለንም። የሰው ጋቢ መሸመን ቀረ፤ ቤታችን ችጋር ገባ፤ “እሽ” የሚባል ዶሮ እንኳ ሳይቀር ተሸጠ።

የነፍስ አባታችን አባ ገብሬ መጥተው ከአባየ አጠገብ ተቀመጡ።

“አያ ደምሴ፣ እባክዎ ይጨርሱትና ያውርዱት። እግዚአብሔር ልጆች ጦም ይደሩ አላለም።”

“ልጁ ሳይመጣ ከጨረስሁት አባ፣ አይመጣም ማለቴ አይደል?”

እማየ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅስ ነበር።

አንድ ክረምት ወጥቶ ሌላው ሲገባ፣ ከጌጡ ጋር የዘመተ የይፋግ ልጅ አንድ እግሩን አጥቶ ተመለሰና በማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር መጥቶ መርዶውን ነገረን። ጌጡ የወደቀበት እንኳ እንደማይታወቅ ነገረን። አባየ አላለቀሱም። ለቀስተኛው ከድንኳኑ ሲበተን ጉድጓዳቸው ገብተው የቀረችውን አንዲት ሐረግ እንኳ ሳይጸልዩ ሸምነው ጨረሱ፤ መጋረጃውን አጣጥፈው ተሸክመው ሲወጡ እኔና እማየ ተከተልናቸው። አባ ገብሬ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኙን።

“አያ ደምሴ፣ ስለትዎ መች ሰመረና? ዕዳ የለብዎትም እኮ። ሸጠው ቤትዎን ይደጉሙበት።”

“አባ፣ የምከፍነው ሬሳ አልሰጡኝም። እንግዲህ ለመቅደሱ ይሁን” አሉ አባየ።

አገሩ ሁሉ እንዴት ያለ እምነት ነው ብሎ አወራላቸው። ቤት የነበርን ግን እናውቃለን። ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሸምነዋል፣ ሸማቸውም እንደ ድሮው ጥብቅ ነበር፤ ውዳሴ ማርያም ግን ከአፋቸው ዳግመኛ አልወጣም፤ ቤታችን የሚሰማው የእንጨቱ ቋቋታ ብቻ ሆነ። አሁን እኔ የእሳቸውን ዕድሜ አልፌያለሁ። ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ እጾማለሁ፣ ሥራዬንም በቅጡ እሠራለሁ። ከአባየ ጎን ልቃቂት ሳጠነጥን እግዚአብሔር እጆቻችንን እያየ ነው ብዬ ያመንሁትን ያህል ግን ከዚያ ወዲህ አንዲት ቀን እንኳ አላመንሁም። ይመለስልኛል ብዬም አልጠብቅም።