በመጽሐፉ ኅዳግ የጻፉትን ሰው ፍለጋ

ከባሕር ዳር የተነሣሁት አንድ የማላውቃቸውን ሰው ለማመስገን ነው። የምሠራው ከመራዊ ወጣ ባለች የገጠር ክሊኒክ ነው። እዚያ ስመደብ ድሬሰር የሚባሉት የጤና ረዳቶች ድሮ የተማሩበት አሮጌ የእንግሊዝኛ የሕክምና መጽሐፍ ከመጋዘን አገኘሁ፤ ኅዳጉ ሁሉ በአማርኛ ተሞልቷል። በተቅማጥ ምዕራፍ ላይ «ልጁ ማልቀሱን ሲተው ተሻለው አትበሉ» ይላል። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት «ዝም አለልኝ፣ ተሻለው» ብላ ልትሄድ ስትል ያቺ መስመር ትዝ አለችኝና አስቀረኋት። ይታያል የሚባለው ልጇ ውኃ አልቆበት ኖሮ ግሉኮስ ተሰክቶለት ተረፈ። ሽፋኑ ላይ «እንግዳው፣ ጎርጎራ» የሚል ስምና አገር ተጽፏል።

ለይለፍ ወረቀት ሁለት ቀን ቀበሌ ተመላለስሁ። ጸሐፊው «ጓዲት፣ ለምስጋና ደብዳቤ አይበቃም?» አለኝ። መጽሐፉን አሳየሁት፤ አንብቦ ማኅተሙን መታልኝ።

እሑድ፣ ሐይቁ ላይ

መርከቧ ላይ በጆንያና በፍየል መካከል ተጣብቄ ተቀመጥሁ። ዋና አልችልም፤ ሞገድ በመጣ ቁጥር ደሴቶቹ ላይ ላለው ታቦት ሁሉ ተሳልሁ። ቁንዝላ አደርን። በሃምሳ ሳንቲም የተጠበሰ ዓሣ ከዳጉሳ እንጀራ ጋር በላሁ፤ እንደዚያ የጣመኝ ምግብ አላስታውስም።

ሰኞ፣ ጎርጎራ

ወደቡ ላይ መረብ የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ ጠየቅሁ። «ሐኪም እንግዳውን ነው? ጡረታ ወጡ እንጂ አሉ» ብሎ ሥራውን ትቶ ደጃቸው ድረስ አደረሰኝ። እግዜር ይስጠው።

ሽማግሌው መጽሐፉን ሲያዩ ተቀብለው ሽፋኑን በጋቢያቸው ጠረጉት። ስለ ይታያል ነገርኋቸውና «እርስዎ ባይጽፉት ልጁን በእጄ እሸኘው ነበር፤ ላመሰግንዎ መጣሁ» አልሁ።

«አታመስግኚኝ፣ ልጄ» አሉ። «ያን የጻፍሁት ከዕውቀት አይደለም። አንዲት እናት እንዲሁ ዝም አለልኝ ብትለኝ እሰይ ብዬ ሸኘኋት። ልጁ መንገድ ላይ ሞተ። ለሰው መንገር ፈራሁ፤ እዚያ ላይ ጻፍሁት።»

የተቅማጡን ምዕራፍ ገለጡ። «ያንችው ልጅ አሁን ይሮጣል?» አሉ።

«እናቱ መያዝ አቅቷታል።»

ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። እስክሪብቶዬን ተቀብለው ከድሮው ጽሑፍ ሥር «ይታያል ዳነ» ብለው ጻፉ።

ቤቴ

ቅዳሜ ተመለስሁ። መንገዱን ሁሉ ሳመሰግን ነው የመጣሁት፤ ስለ እሳቸው፣ ስለ ዓሣ አጥማጁ፣ ስላልሰመጠችው መርከብም ጭምር። ያን ኅዳግ የጎበዝ ሰው ማስታወሻ አድርጌ ነበር የማየው። ለካ ጸጸት ነው።

እኔም በሆዴ የያዝሁት ነበረኝ። አንዲት የምታስል ሴት ሁለት ጊዜ ጉንፋን ነው ብዬ መለስኋት፤ ሦስተኛ አልመጣችም። በኋላ መሞቷን ሰማሁ፤ ሳንባ ነቀርሳ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ሰኞ ጧት የሳንባን ምዕራፍ ገልጬ ሁሉንም ጻፍሁት፤ ከሥሩ ስሜን ፈረምሁ፤ መጽሐፉንም ለልምምድ የሚመጡ ሠልጣኞች በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ተውሁት።