የካሌንደሩን ፕሮግራም መቼ እንዳሰናበትኩት

ንፋስ መውጫ ውስጥ ሬዲዮ ሲበላሽ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሱቅ ነበር የሚመጣው። ሬዲዮ ቀርቶ ኮምፒውተር ሲተካም ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ ገጥሜ፣ ፕሮግራም መጻፉንም ስክሪን ላይ አፍጥጬ ለራሴ አስተማርኩ። ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ የጀመርኩት ሥራ ነው። ዛሬ ማንም ሰው ፕሮግራም በነጻ የሚያወርድበት አንድ የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። የእኛን ፊደልና የእኛን ዘመን አቆጣጠር የሚነካ ነገር ከሆነ የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው። ከእኔ የተሻለ ሰው ቢኖር ኖሮ እስካሁን ባገኙት ነበር።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ማስገባቱ ሳይሆን ማስወጣቱ ነው። ጸሐፊው የጠፋ፣ ለዓመታት ማንም ያልነካው ፕሮግራም በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ መንገዳገድ ይጀምራል። ታዲያ መቼ ይሰናበት? ባለፈው ክረምት የደረሰኝ እንዲህ ያለ ነበር። በባሕረ ሐሳብ አጽዋማትንና በዓላትን አስልቶ ለኅትመት የተዘጋጀ የግድግዳ ካሌንደር ያወጣል። የጻፈው ሰው መልእክት አይመልስም። በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ጳጉሜን አምስት ላይ ያቆማል፤ ስድስተኛዋን ቀን ይውጣታል። ይህን እንከን ያገኘሁት እኔ ነኝ። በምትኩም አዲስ ፕሮግራም ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

በደንባችን መሠረት «ይህን የምትጠቀሙ ካላችሁ ተናገሩ፤ ሊነሣ ነው» ብዬ ገጹ ላይ ለጠፍኩ። አንድም ሰው አልመለሰም። የቅሬታ መቀበያውን ከፈትኩ፤ ባዶ ነው። ባልደረቦቼም «ተጠቃሚ የለውም፤ አንሣው» አሉ። እኔም ላነሣው ተሰናዳሁ።

በዚያው ሳምንት እህል ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ዓመቱ ያለፈ ካሌንደር ተሰቅሏል፤ የእመቤታችን ሥዕል ስላለበት ማን ያወርደዋል? ተራ እየጠበቅሁ ሳየው የመስመሩን አጣጣል፣ የቁጥሩን ቅርጽ አወቅሁት። ያ ፕሮግራም ነው! ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ግን ስድስት ቀን አላት። ጠጋ ብዬ ባየው ስድስተኛዋ በእስክሪብቶ የተጻፈች ናት፤ ዙሪያዋም በሐረግ አጊጧል። ግርጌው ላይ «ወገዳ ታተመ» ይላል፤ የስማዳዋ ከተማ መሆኗ ነው።

ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀችብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ የስማዳ ሰው ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ‹አለሁ› እስኪልህ ነው የምትጠብቀው? ተነሥና ሂድ እንጂ!»

ሄድኩ። የክረምቱን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከመኪናው ጋር አብረን ስንዘል ወገዳ ደረስን። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቱን ባለቤት ለማግኘት አልተቸገርኩም። ጎልማሳ ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚህች ቤት ነው። የዓመቱ ዋና ሲሳይዋ ደግሞ ያ ካሌንደር ነው። እስከ ጋይንትና እስቴ ድረስ ይሸጥላታል።

«ስድስተኛዋን ቀን አንቺ ነሽ የጻፍሻት?» አልኳት።

«በእጄ፣ በእያንዳንዱ ላይ። ጣቴ አብጦ ነበር» አለች። «በኋላማ ደንበኛው ‹ሐረግ ያለበትን ስጭኝ› እያለ መረጠኝ!»

«ታዲያ ተበላሽቷል ብለሽ ለምን አልተናገርሽም? የቅሬታ ቦታ ነበረው እኮ።»

ደነገጠች። «ሰው በነጻ በሰጠኝ ነገር ላይ እንከን ላውጣ? ነውር አይደለም እንዴ ጋሼ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ባልደረቦቼ ባዶነት ያዩት ቦታ ላይ ይሉኝታ ነበር የተቀመጠው። ይህን ከመካከላችን ሊያነብ የሚችል ከእኔ በቀር አልነበረም።

ጥግ ላይ ከነካርቶኑ አዲስ ኮምፒውተር አየሁ። አሮጌው እየጠፋ አስቸግሯት የገዛችው ነው። ፍልሰታ ሲገባ ፕሮግራሙን ከማከማቻው አውርዳ፣ ለአዲስ ዓመት ልታትም ነው ሐሳቧ። እኔ በዚያ ሳምንት አንሥቼው ቢሆን ኖሮ አውርዳ የምታገኘው ባዶ ገጽ ነበር።

ለባልደረቦቼ ጻፍኩ፦ አሮጌው የሚነሣው ወገዳ ያለችው ሴት አዲሱ ይሻላል ብላ በአፏ ስትናገር ነው። አንዱ «ለአንድ ሰው ብለን?» አለኝ። «የእሷን ካሌንደር አይቶ ጾም የሚይዘውን አገር መጥተህ ቁጠር» ብዬ መለስኩለት። 

አዲሱን ራሴ ጫንኩላት። «ስደቢው፤ የምፈልገው ስድብ ነው» ብዬም አስጠነቀቅኋት። ስደውልላት ግን «ግሩም ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብቻ። ምስጋና እንደምወድ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል፤ ያን ሰሞን ግን አስጠላኝ። አመስግና ስታበቃ ተመልሳ በአሮጌው እንደምታትም ጠረጠርኩ።

ነሐሴ ሲጋመስ ራሷ ደወለች።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝም?»

«ተናገሪ።»

«የጾሙ ቀን ቀለም በጣም ፈዟል። አንድ ቄስ በመነጽርም አላየሁትም አሉኝ። የወሩ ስም ከሥዕሉ እግር ሥር ገብቷል፤ ይህማ ድፍረት ነው! ደግሞስ የገበያውን ቀን የት አደረሱት? ገበሬ ያለ ገበያ ቀን ካሌንደር ምን ያደርግለታል? ይህን ሲጽፉ የት ሆነው ነበር?»

ወዲያው ደነገጠችና «ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«ቀጥይ! ቀጥይ!» አልኳት። ከት ብዬ ስስቅ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ማናት እንዲህ የምታስቅህ?» አለች።

«ሰዳቢ አገኘሁ!»

«አምላክ ሆይ፣ ጸሎቴን ሰማህ» ብላ ተመለሰች።

ያለችውን ሁሉ አስተካከልኩ። የገበያው ቀን አለመኖሩ እንኳ በእኔ ዘንድ ጉድለት ሳይሆን ንጽሕና ነበር፤ ግን አስገባሁላት። በአዲሱ አትማ፣ ጥቅልሉን ለነጋዴዎች አስጭና ስታበቃ ደወለችልኝ። «የእርስዎ ይሻላል» አለች፤ ይሉኝታ በሌለው ድምፅ። በዚያው ዕለት አሮጌውን ከማከማቻው አነሣሁት።

በማግሥቱ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ያ የድሮው ጠፍቷል።»

«ምነው፣ ፈለግሽው እንዴ?»

«ኧረ እኔስ አልፈለግሁትም። እርስዎ ሳያውቁ ሌላ ሰው አንሥቶት እንዳይሆን ላጣራ ብዬ ነው።»

«እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይችላል?»

«እንግዲያው ደኅና» አለችና የጥምቀቱ ቀይ ቀለም ለምን ወደ ብርቱካን እንደሚያደላ ትጠይቀኝ ጀመር።