የእትዬ አማረች ጣቶችና የጋሼ ደምሴ እግር

ልጅ ሳለሁ፣ ገና ዘጠኝ ዓመቴን ሳልደፍን፣ በስደት አገር፣ ከፌርፋክስ መንገድ አንድ ብሎክ ገባ ብሎ በሚገኝ ባለ ሁለት ፎቅ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። ያኔ ሰፈሩ እንደ ዛሬው በአገራችን ስም መጠራት አልጀመረም፤ የእኛ ሰው ምግብ ቤት ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው፣ የቀረው የድሮ ዕቃ መሸጫና የልብስ ማጠቢያ ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳል፣ እናቴ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። በዚያ ዓመት ትምህርት እንደተከፈተ የማያቋርጥ የውሃ ጥም ያዘኝ። ጠጥቼ አልረካም። ጉንጬ ጎደጎደ፣ ቀሚሴ ሰፋኝ፤ አንድ ቀን ጠዋት ክፍል ለመግባት ተሰልፈን ሳለ ዓይኔ ጨለመና ወደቅሁ። ስነቃ ሆስፒታል ነበርኩ። ሐኪሙ የያዛት ስኳር በሽታ ነው፣ ዕድሜ ልኳን በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን መወጋት አለባት ብሎ ለአባቴ ነገረው። አባቴ ይህን ወደ አማርኛ መልሶ ለእናቴ ሲነግራት «ዕድሜ ልኳን» የሚለውን ዘሎ አለፈው።

ነርሷ እናቴን ብርቱካን ላይ መርፌ መውጋት አስተማረቻት። ብርቱካኑን ጥሩ አድርጋ ትወጋው ነበር። እኔ ላይ ሲሆን ግን እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋ ይቀድማታል፣ እኔም ሶፋው ሥር ገብቼ እጮኻለሁ። ያንን ጩኸት ነው ጋሼ ደምሴ ከታች ሆነው የሰሙት።

ጋሼ ደምሴ ከእኛ በታች ባለው ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ኮሪያታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ፓርኪንግ ላይ ትኬት ይቆርጣሉ። አንድ ምሽት ከእራት በፊት በራችንን አንኳኩ፤ በአንድ እጃቸው የራሳቸውን መርፌ፣ በሌላው ጥጥ ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ምነው፣ ምን ሆኑ?» አለች እናቴ።

«ምንም አልሆንኩ። እኔም ሰዓቴ ደርሶ ነው። ከልጅቷ ጋር አብረን ብንወጋ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ከሶፋው ሥር ብቅ ብዬ አየኋቸው። ትልቅ ሰው፣ ሽበት ያለው ሰው፣ እንደኔው መርፌ ይወጋል! ያኔ ይህ በሽታ በዓለም ላይ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ደምሴ ከሥራ መልስ ወደ ግቢው ይወስዱኝ ጀመር። ከታች የሚኖረው የሜክሲኮ ሰው ሥጋ የሚጠብስበት ምድጃ እዚያ ነበር፤ ሰውየው ጠብሶ ከገባ በኋላ ፍሙ ቀይ እንደሆነ ይቆያል፣ ጭሱ ወደ ብርቱካን ዛፏ ዞር እያለ ይሄዳል፣ ከደረጃው ሥር ያለችው አምፖል ቢጫ ብርሃኗን ሲሚንቶው ላይ ትጥላለች። እዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጋሼ ደምሴ «ይኸውልሽ ሂሩት» ብለው ይጀምራሉ። ተረታቸው ውስጥ ጅብና ጦጣ አልነበረም። አንድ ስኳር ያለበት መንገደኛ ነበር እንጂ።

ይህ መንገደኛ አገሩን ለቆ በእግሩ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። በያዘው ቅል ውስጥ ውሃ አልነበረም፤ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት የኢንሱሊን ብልቃጦች ነበሩ። መድኃኒቱ ሙቀት ከነካው ይበላሻል፣ በረሃው ደግሞ ድንጋይ ያግላል። ስለዚህ መንገደኛው ለመጠጥ ከሚሰጠው ውሃ ግማሹን ጨርቁ ላይ ያፈሳል። ጓደኞቹ አበደ ብለው ይስቁበታል። እሱ ግን ከንፈሩ እየተሰነጠቀ ብልቃጦቹን ያጠጣል። ጋሼ ደምሴ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ እኔ አፌን ከፍቼ ፍሙን አያለሁ፣ እናቴ ከኋላዬ መጥታ መቼ እንደወጋችኝ አላውቅም። ተረቱ በየምሽቱ አንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ የቀረው ለነገ ነው። እኔም ነገን መጠበቅ ለመድኩ፤ መርፌው ያለበትን ነገን።

አንድ ምሽት መንገደኛው ገዳሪፍ፣ ስደተኞች የሰፈሩበት ካምፕ ደረሰ። እዚያ ድንኳን ውስጥ አንዲት ሴት ምንጣፍ ላይ ተኝታ አየ። ትንፋሿ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸት ነበር። ያንን ሽታ ያውቀዋል፤ ስኳር ሲበረታበት የራሱም ትንፋሽ እንዲያ ነበርና። የካምፑ ነርስ «በሽታዋስ ታውቋል፤ መድኃኒት ግን የለንም። መኪናው መቼ እንደሚመጣም አናውቅም» አለው። መንገደኛው ቅሉን ከፍቶ ሁለቱን ብልቃጦች አየ። ከዚያ ሴትየዋን አየ። ስሟን እንኳን አያውቅም።

«ሰጣት?» አልኩ።

«ነገ።»

«አይሆንም ጋሼ፣ አሁን ንገረኝ! ሞተች?» ያኔ አንቱ ማለት አልለመድኩም ነበር፤ እናቴ ሁልጊዜ ትቆጣኝ ነበር።

ጋሼ ደምሴ ሳቁ። «ነገ ቅዳሜ አይደል? ነገ ራሷን ትጠይቂያታለሽ።»

በማግስቱ ከቀትር በኋላ እትዬ አማረች መጡ። አውቃቸው ነበር፤ በየቅዳሜው ከሃውቶርን ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ጋሼ ደምሴን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ቀጭን፣ ነጠላቸውን ሁልጊዜ በደንብ የሚያጣፉ፣ ወፍራም መነጽር ያላቸው ሴት ናቸው። የሚሠሩት የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ነው፤ የታጠበ አንሶላ ያጥፋሉ። ዓይናቸውን ስኳር እየወሰደባቸው ስለነበር ቀዳዳውንና እድፉን የሚያገኙት በጣታቸው ነው፤ ዓይናማዎቹ ያለፉትን እሳቸው ያገኙታል ይባል ነበር። ሮጬ ፊታቸው ቆምኩና «ሰጣሽ?» አልኳቸው።

ግራ ገብቷቸው ወደ ጋሼ ደምሴ ዞሩ። ጋሼ ደምሴ አንገታቸውን ደፍተዋል። ያኔ ገባቸው። እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ፈለጉና ጉንጬን ይዘው «ሰጡኝ የኔ ልጅ። አንዱን ብልቃጥ ለእኔ፣ አንዱን ለራሳቸው። መኪናው እስኪመጣ ሁለታችንም ከሚገባን እየቀነስን ወሰድን። ያን ጊዜ ስሜን እንኳን አልጠየቁኝም» አሉኝ።

ያ ቀን አይረሳኝም። በተረት ውስጥ የነበረች ሴት ሶፋችን ላይ ተቀምጣ ሻይ ያለ ስኳር ትጠጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ የሚያደርጉትን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ቅዳሜን ወደ እኛ ቤት አምጥተውት ነበር፤ «ሶስታችንም አንድ ላይ» ይሉ ነበር ጋሼ ደምሴ፣ እኔን ቆጥረው። መጀመሪያ ጋሼ ደምሴ መብራት ሥር ተቀምጠው የእትዬ አማረችን የሳምንት መርፌ ይሞላሉ፤ እትዬ በመርፌው ላይ ያሉትን ጭረቶች ማየት ስለማይችሉ። ጠዋትና ማታ፣ አሥራ አራት መርፌ፣ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ እያዩ። ከዚያ እትዬ አማረች ሳፋ ያስመጣሉ፣ ውሃውን በክርናቸው ይለካሉ፣ የጋሼ ደምሴን ካልሲ ያወልቃሉ። የጋሼ ደምሴ እግር ስሜት አልነበረውም። ቢወጋ፣ ቢቃጠል አያውቁም። ስለዚህ እትዬ አማረች እግራቸውን አጥበው ካደረቁ በኋላ በጣታቸው ከተረከዝ እስከ ጣት መካከል ቀስ እያሉ ይዳስሱታል። ጋሼ ደምሴ መጀመሪያ ላይ ያፍሩ ነበር ይባላል። እኔ ባየሁ ጊዜ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፤ ሳላውቀው ድምፄን እቀንስ ነበር፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደገባሁ።

ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ የእትዬ አማረች ጣት የቀኝ እግር መርገጫው ላይ፣ ትንሿ ጣት ሥር ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ምኑ?»

«እዚህ ጋ ይሞቃል። ያበጠም ነገር አለ።» ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱና «ሂሩት፣ ጫማቸውን አምጪልኝ» አሉኝ።

አመጣሁላቸው። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲሰዱ ፊታቸው ተለወጠ። ሶሉን አልፋ የገባች፣ የጣት ጥፍር የምታህል ሚስማር ነበረች። ጋሼ ደምሴ አሰቡ። ረቡዕ ዕለት ፓርኪንጉ ውስጥ አጥር ሲጠገን ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በሚስማር ላይ ሲራመዱ፣ ሲቆሙ፣ ወደ እኛ ደረጃ ሲወጡ ነበር ማለት ነው፤ አንዳችም ሳይሰማቸው። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አሁኑኑ ሆስፒታል» አሉ እትዬ አማረች።

«ኦኬ፣ ሰኞ እሄዳለሁ። ነገ ሺፍት አለኝ።»

«ሺፍቱ አይደለም የያዝዎት።»

ጋሼ ደምሴ ካልሲያቸውን አነሱ። ከዚያ በቀስታ፣ «የጋርዴናውን ሰውዬ ታውቂዋለሽ። ለጣቱ ብሎ ሆስፒታል ገብቶ ያለ እግር ወጣ። እኔ እግሬን አልሰጥም» አሉ። ያ ትልቅ ሰው ሲፈራ ያየሁት ያኔ ነው። እኔ መርፌን እንደምፈራው ነበር የፈሩት።

እትዬ አማረች አልተከራከሩም። የማታ መርፌያቸውን ከፍሪጅ አስመጡኝና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እንግዲያው እኔም ሰኞ እወጋለሁ» አሉ።

«እብድ ሆነሻል እንዴ? ሁለት ቀን ያለሱ ምን እንደሚያደርግሽ ጠፍቶሽ ነው?»

«አልጠፋኝም። ገዳሪፍ አይተውኛል።»

«አማረች፣ ይሄ የኔ እግር ነው!»

«ያም የእርስዎ ብልቃጥ ነበር» አሉ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው።

እራቱ ቀረበ፤ ማንም አልነካውም። እናቴ ሁለቱንም ለመነች። አባቴ የታክሲውን ቁልፍ እጁ ላይ እያገላበጠ በሩ ጋ ቆመ። የእኔም ሰዓት ደርሶ ነበር፤ እናቴ የሞላችውን መርፌ ስታቀብለኝ ተቀበልኳትና ሄጄ ከእትዬ አማረች መርፌ ጎን አስቀመጥኩት። ለምን እንዳደረግኩት እስከዛሬ በደንብ አላውቅም። ከመርፌ ለማምለጥ አልነበረም፤ ይህን አውቃለሁ። እሳቸው ብቻቸውን እንዲሆኑ አልፈለግኩም።

ጋሼ ደምሴ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት መርፌዎች አዩ። «አንቺም?» አሉኝ። ከዚያ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው ተነሱ።

«እሺ። እሺ፣ ውጉ። እሄዳለሁ።»

እናቴ መርፌዬን አንስታ ወደ እኔ መጣች። «እኔ ራሴ» አልኳት። ቀሚሴን ገለጥ አድርጌ ጭኔን ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ ወጋሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ። «ሂድ ጋሼ፣ ቶሎ ሂድ!» አልኩ። እናቴም በዚያ ቀን አልተቆጣችኝም። አባቴና ጋሼ ደምሴ ተደጋግፈው ደረጃውን ሲወርዱ እትዬ አማረች በመስኮቱ በኩል ጆሯቸውን ሰጥተው የታክሲው ድምፅ እስኪጠፋ ሰሙ፤ ከዚያ በኋላ ነው የራሳቸውን መርፌ ያነሱት።

ቁስሉ አጥንት ሊደርስ ነበር። ትንሿ ጣት ተቆረጠች፤ እግራቸው ግን ተረፈ። ሐኪሙ ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ከጉልበት በታች አይተርፍም ነበር አለ፤ እግሩ ሥር ያለውን ነገር ማን እንዳየላቸውም ጠየቀ። አባቴ እያስተረጎመ ነበር። ጋሼ ደምሴ «የማታይ ሴት» አሉ። አባቴ ይህን መተርጎም እንዳቃተው ነግሮናል።

እትዬ አማረች ከሁለት ዓመት በኋላ ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፋ፤ ያኔ ከሃውቶርን ወደ እኛ ግቢ ተዛወሩ። ቅዳሜያችን ሰው እየጨመረ ሄደ፤ ከጋርዴና አንድ ወጣት ከነእናቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ስማቸውን የረሳኋቸው ሌሎችም። ሁሉም ካልሲውን ያወልቅ ነበር። ማንም አያፍርም።

እኔ ኮሌጅ ልገባ የሄድኩ ቀን ሻንጣዬን የጫኑልኝ ጋሼ ደምሴ ነበሩ፣ በሁለት እግራቸው ቆመው። ያንን ሁሉ ዓመት በሆዴ ይዤው የነበረውን ጥያቄ ያኔ ጠየቅኳቸው፤ አንቱ ማለትም ለምጄ ነበር። «ጋሼ፣ ያኔ ሁለት ብልቃጥ ብቻ እያለዎት፣ ለማያውቋት ሴት እንዴት ሰጡ?»

ትልቅ ነገር ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ወገን። የመኪናውን የኋላ ኮፈን ዘግተው ትንሽ አሰቡ።

«ያኔ መርፌ መውጋት ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነበር» አሉኝ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ስኳር ያለበት ሌላ ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እዚያ ድንኳን ስገባ ያንን ሽታ አሸተትኩ። ምን ልበልሽ ሂሩት፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ደስ አለኝ። በቃ፣ ለብቻዬ መሆን ሰልችቶኝ ነበር።»