እሺ ያልኩበት ጠዋት

የያዙኝ ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ፣ ሃፍላ ስጠብቅ ነው። ሃፍላ የምንለው ያንን ተጋፍተን የምንሳፈርበትን አውቶቡስ ነው። በእጄ ከብስኩት ካርቶን የቆረጥኳቸው ትንንሽ ቁራጮች ነበሩ፤ በአንድ በኩል የእንግሊዝኛ ቃል፣ በጀርባው አማርኛው። ለቋንቋ ብቃት ፈተና እየተዘጋጀሁ ነበር፤ ካለፍኩ ሌላ አገር የመማር ተስፋ ነበረኝ። ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ቁራጮቹን ከእጄ ወስዶ አገላብጦ «ኮንስፓየር» የሚለው ላይ ቆመ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለኝ በዐረብኛ።

ሰው ሳይሆን ግሥ እንደሆነ ነገርኩት። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አፌ መች ያርፋል፤ ትርጉሙን ሲጠይቀኝ «ማሴር» ብዬ አስረዳሁት። ተማሪ መሆን ክፉ ነው። ቢጣቃዬን፣ የስደተኛ መታወቂያዬን ማለቴ ነው፣ ተቀብሎ ስሜን በስልክ ለሌላ ሰው አነበበለት፤ ካዳመጠ በኋላ ፊቱ ተለወጠ። አገር ቤት የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ነበርኩ። ስሜን የሚፈልጉ ሰዎች እንዳሉ ያኔ አወቅኩ። ካርቶኖቼን ኪሱ ከቶ እኔን መኪና ውስጥ አስገባኝ።

ያሰሩኝ ክፍል ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለችው። ሲሚንቶው በጠዋትም ይሞቃል። ጥጉ ላይ ክዳን የሌለው ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል፤ ውሃው ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ውስጥ ያገኘኋት አንዲት ሴት ብቻ ናት። አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ፀጉር ቤት አላት፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። ወላጆቿ የእኛ አገር ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች ናት፤ ሌላ አገር አይታ አታውቅም። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ጊዜው ስላለፈበት በአፈሳ ነው የያዟት። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ አታፍርበትም። የእኔም ዐረብኛ ከዚያ አይሻልም ነበርና እየተጋገዝን ተግባባን።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችንንም መኮንኑ ዘንድ ወሰዱን። አጠገቡ አስተርጓሚ ተቀምጧል፤ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ፣ አማርኛው የተስተካከለ የአገሬ ሰው። መኮንኑ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። አስተርጓሚው በአጭሩ፣ «እህቴ፣ ወደ አገራችሁ በሰላም ትመለሳላችሁ። መኪና ይዘጋጅላችኋል። ምንም አትሆኑም» አለኝ።

«እሺ» አልኩ።

ለምን አልሽ ብትሉኝ፣ እናቴ እንዲያ አድርጋ ስላሳደገችኝ ነው። ሰው ሲናገርሽ እሺ ትያለሽ። ሐኪም ሲያዝሽ እሺ፣ ጎረቤት ሲመክርሽ እሺ፣ ከአጠገብሽ እንዲሄድልሽ የምትፈልጊውን ሰው ለማሰናበትም እሺ። ተናግሮሽ ዝም ካልሽው ስድ ነሽ። አስተርጓሚው ወደ መኮንኑ ዞሮ የሆነ ነገር አለ። አልሰማሁትም፤ ልቤ አገር ቤት ወንድሜ ጋ ሄዶ ነበር። ወንድሜን ከቤት ከወሰዱት ወዲህ ያየው ሰው የለም። እኔም ከተመለስኩ የምገባበት በር እሱ የገባበት ነው።

ክፍላችን ስንመለስ ፀጉር ሠሪዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ አንቺ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«ምን ነካሽ? ሬሳዬ ይሂድ!»

«ታዲያ ለምን ሙዋፍጋ አልሽ?»

«መቼ ነው ያልኩት?»

«አስተርጓሚው ለዟቢጡ፣ ለመኮንኑ፣ ነገረው። ሂያ ሙዋፍጋ አለ። ተስማምታለች ማለት ነው።»

«እኔ እኮ እሺ ነው ያልኩት።»

ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። «እሺ ምንድነው? ሐዲር ነው ወላ ሙዋፍጋ?»

ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ። በዐረብኛ ሐዲር ማለት ሰምቻለሁ፣ አለሁ ማለት ነው፤ ሙዋፍጋ ደግሞ ተስማምቻለሁ። እሷ ሁለቱን እንደ ቀኝና ግራ እጇ ታውቃቸዋለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እሺ ስል የትኛውን ማለቴ እንደሆነ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ራሴንም ጠይቄ አላውቅም።

ያኔ ለሳምንታት ያስቸገሩኝ የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ ላይ መጡብኝ። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የሚያስጠናኝ መምህር ቃልን ለብቻው አያስተምርም፤ ከነዘመዶቹ ነው። «የሚጥልሽ የማታውቂው ቃል አይደለም፤ የምታውቂው የሚመስልሽ ነው» ይለኝ ነበር። እነዚህን ሁሉ ካርቶኖቼ ጀርባ ላይ «እሺ ማለት» እያልኩ ጽፌያቸው እርስ በርስ ይምታቱብኝ ነበር። አክኖውሌጅ የተባለሽን እንደሰማሽ ማረጋገጥ ነው። ኮምፕላይ የታዘዝሽውን መፈጸም። አክዊየስ ሆድሽ እምቢ እያለ አፍሽን መዝጋት። ኮንሰንት ግን ሌላ ነው፤ ማንም ሳያስገድድሽ በገዛ ፈቃድሽ አዎ ማለት። ካርቶኖቹ በሰውዬው ኪስ ውስጥ ነበሩ። ቃላቱን ግን አልወሰዳቸውም።

ከሰዓት በኋላ የስደተኞችን ጉዳይ የምትከታተል የውጭ ሴት እንደምትመጣ አንዲት ጠባቂ ለፀጉር ሠሪዋ ነገረቻት። ሴትዮዋ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የምትመለሱት ፈቅዳችሁ ነው ወይ?

«እንለማመድ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እኔ ኸዋጃዋ ነኝ። እሺ ካልሽ እቆነጥጥሻለሁ።»

እግሯን አጣጥፋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ የውጭ ሴት ሆነች። «ሰላም ነሽ? ውሃ ጠጪ።»

«እሺ።»

ቆነጠጠችኝ። የፀጉር ሠሪ ጣት ብረት ነው። «ቁጭ በይ» አለች፤ እሺ አልኩ። «ከእንግዲህ እሺ እንዳትይ» አለችኝ፤ ለዚያም እሺ አልኩ። ክንዴ ቀላ፤ ሁለታችንም አፋችንን በእጃችን አፍነን ሳቅን። በመጨረሻ ጥያቄዋን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ አንዴ ተንፍሼ እንድመልስ አስተማረችኝ። እኔም ለእሷ አክኖውሌጅንና ኮንሰንትን አስጠናኋት፤ ያለ ኢቃማም ቢሆን ቃል መያዝ አይከለከልም።

የጠሩን ፀሐዩ ከመስኮቷ ሲያልፍ ነው። የውጭዋ ሴት ደክሟታል፤ ከፊቷ ያለውን ሻይ አልነካችውም። አስተርጓሚው እንደ ጠዋቱ መኮንኑ አጠገብ ነው። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፤ እሱ እኔን ሳይጠብቅ በእንግሊዝኛ፣ «ጠዋት ተስማምታለች» ብሎ መለሰላት። ከዚያ በአማርኛ ወደ እኔ፣ «ነግረንሽ እሺ ብለሻል አይደል?» አለኝ።

አንዴ ተነፈስኩ።

«አይ አክኖውሌጅድ» አልኳት ሴትዮዋን በቀጥታ እያየሁ። «አይ ዲድ ኖት ኮንሰንት።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። እንድደግመው ጠየቀችኝ፤ ደገምኩት። አስተርጓሚው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እህቴ፣ ነገር አታክብጂ» አለኝ። እሺ አላልኩትም። ከተወለድኩ ጀምሮ ለተናገረኝ ሰው ዝም ስል የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ተራው የፀጉር ሠሪዋ ሆነ። አስተርጓሚው ወደ እሷ ሲዞር እጄን አነሣሁ። «ለእሷ የማስተረጉምላት እኔ ነኝ» አልኩ በእንግሊዝኛ። መኮንኑ ተቆጣ፤ የውጭዋ ሴት ግን አጠገቧ ያለውን ወንበር ጎተተችልኝ። ተቀመጥኩበት።

ፀጉር ሠሪዋ ያስጠናኋትን ተወችውና በራሷ ቋንቋ ተናገረች። «ማ ሙዋፍጋ። በለዲ ሂና።»

«ሺ ዳዝ ኖት ኮንሰንት» አልኩ። «አገሬ እዚህ ነው ትላለች።»

መኪናው እኛን ሳይጭን ሄደ። ከዚያም በኋላ ብዙ ቆየን፤ ክፍሉም ጀሪካኑም ያው ነበሩ። መጀመሪያ እሷን ፈቷት፤ ቆይቶ እኔን። የፈተናው ቀን እዚያ ሳለሁ አልፎ ነበርና በሚቀጥለው ዙር ተፈተንኩ። ውጤቴ ጥሩ ነበር፤ ከጥሩም በላይ ነበር፤ ይህን ስናገር ማንም ትሑት ሁኚ እንዳይለኝ።

ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ከተማዋን ለቅቄ አሁን በሌላ ከተማ ለስደተኞች አስተረጉማለሁ። በየቀኑ እንደ እኔ ያሳደጓቸው ሰዎች ፊቴ ይቀመጣሉ፤ ጀርባቸውን ቀና አድርገው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ባለሥልጣኑ ተናግሮ ሲጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እሺ ይላሉ። ወዲያው አልተረጉመውም። «ሰምቻለሁ ማለትሽ ነው ወይስ ተስማምቻለሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ይደነግጣሉ፤ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ።

ባለፈው አንዱ ባለሥልጣን ሰዓቱን አይቶ፣ አንዲት አጭር ቃል ለመተርጎም ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል ወይ አለኝ።

«ይፈጃል» አልኩትና እሺ ወዳለችው ሴትዮ ዞርኩ።